ሞተር የሌላትን መኪና ከየት እንጀምራት?

ያረጀ ነገር ሁሉ አይጣልም፤ የቆመ ነገርም ሁሉ አልሞተም። በአዲስ አበባ በየግቢው ጥግ፣ ጐማዋ ተንፍሶ፣ አቧራ ለብሳ፣ በድንጋይ ላይ የተቀመጠች ቮልስ ማየት የተለመደ ነው። የኋላ ክዳኗ ሲከፈት ሞተሩ የለም። ባለቤቷ ሞተሩን ለሌላ መኪና አውልቆ ሰጥቶት ይሆናል፤ ወይም ለማሠራት አስወጥቶት ሳይመልሰው ዓመታት አልፈው ይሆናል። እንዲህ ያለችውን መኪና በርካሽ ገዝቶ፣ በትርፍ ጊዜው አድሶ፣ አንድ ቀን በአደባባይ ለመንዳት የሚመኝ ወጣት ጥቂት አይደለም። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምኞት ብቻውን ጐማ አያዞርም። ስለዚህ ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጀምሩ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በዛሬው ጽሑፋችን የሚመስለንን እንናገራለን።

አብዛኛው ጀማሪ ሥራውን የሚጀምረው ከጐደለው ነገር ነው። «ሞተር ከተገኘ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው» ይልና ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ በየጋራዡና በየመለዋወጫ መደብሩ ይዞራል። እኛ የምንለው ግን ተቃራኒውን ነው። ሞተር የሌላት መኪና ሥራ ከሞተር አይጀመርም። የሚጀመረው ካለው ነገር ነው፤ ይኸውም ከአካሏ፣ ከሻንሲዋ፣ ከፍሬኗና ከወረቀቷ ነው። የጐደለው ነገር ላለፈ ላገደመው ሁሉ ይታያል፤ የታመመው ነገር ግን ከምንጣፍ ሥር ተደብቆ ይኖራል። ገንዘብ የሚበላውም ያ የተደበቀው ነው።

ቮልስን ምሳሌ ያደረግንበት ምክንያት አለን። ይህች መኪና ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ጀምሮ በጀርመን አገር በብዛት ተሠርታለች። በኋላም በሌሎች አገሮች ስትሠራ ቆይታ የመጨረሻይቱ በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። በጠቅላላው የተሠሩት ቮልሶች 21,529,464 ናቸው። እንዲህ በብዛት የተሠራ መኪና ሞተሩ ፈጽሞ የሚጠፋ አይደለም። ከዚህም በላይ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር አጣብቀው የያዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው። ክብደቱ 100 ኪሎ ግድም ነው፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስ ስለሆነ ራዲያተርና የውሃ ቱቦ የለውም። የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ ክሪክ ይዘው በአንድ ጠዋት ሊያወርዱት ይችላሉ። በየግቢው የቆሙት ቮልሶች ሞተር የሌላቸውም አንዱ ምክንያት ይኸው ቅለቱ ነው። እንግዲህ ለመውጣት የቀለለው ለመግባትም ቀላል ነው፤ ዝገት የበላው አካል ግን በአራት ቡሎን አይመለስም።

ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ካቻቢቴና የእጅ ባትሪ ይያዝ። መጀመሪያ የኋላውን መቀመጫ ያንሣ። የመኪናዋ ባትሪ የሚቀመጠው በዚያ ሥር በቀኝ በኩል ነው፤ የባትሪው አሲድ እየፈሰሰ ወለሉን ስለሚበላው ብዙውን ጊዜ ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቀጥሎ ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን በካቻቢቴው ጫፍ ይነካካው፤ ጤነኛ ላሜራ ይመልሳል፣ የበሰበሰው ግን ይበሳል። ከዚያም ከበሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የተዘረጉትን ቱቦ መሰል አግዳሚዎች ይመርምር። እነዚህ ከሞተሩ የሚመጣውን ሞቃት አየር ወደ ፊት የሚያሳልፉ ብቻ ሳይሆኑ አካሉን ቀጥ አድርገው የያዙ ናቸው። እነርሱ ከበሰበሱ አካሉ ይጐብጣል፤ በሮቹም አልገጥም ይላሉ። ይህን ለማቃናት ጥሩ የላሜራ ሠራተኛና ብዙ ቀን ያስፈልጋል። ባለቤቷ «ሞተር ብቻ ነው የጐደላት» ያላት መኪና በእውነት የጐደላት ሞተር ብቻ መሆኑ የሚታወቀው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የወረቀት ነው። የሻንሲው ቍጥር ከኋላው መቀመጫ ሥር፣ በመኻል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተቀርጿል። ይህ ቍጥር በሊብሬው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። የሞተር ቍጥርም በሊብሬው ላይ ይጻፋል፤ ሞተሩ ከሌለ ግን ወረቀቱ የሚናገረው ስለሌለ ነገር ነው። ስለዚህ ወደፊት የሚገዛው ሞተር የማን እንደ ነበረ የሚያስረዳ የሽያጭ ውል ሊኖረው ይገባል፤ ለውጡንም ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት የሚውል ወጣት አንዲት የጠፋች ወረቀት ስንት ቀን እንደምታመላልስ ያውቃል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላልና መኪናዋ ከመፈታቷ በፊት ወረቀቷ ይጣራ።

ሦስተኛው ነገር ደብተር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ ይሠመር፤ በመጀመሪያው ያለውና ደኅና የሆነው፣ በሁለተኛው ያለውና የሚጠገነው፣ በሦስተኛው ፈጽሞ የሌለው ይጻፍ። ከእያንዳንዱ አንጻር ዋጋው ይቀመጥ። ድምሩ ከወር ደመወዝ ከሚተርፈው ጋር ሲነጻጸር ሥራው ስንት ወር ወይም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ይታወቃል። ይህን ስሌት የሚፈራ ሰው መኪናውን ባይገዛ ይሻለዋል። ስሌቱን አይቶ የደፈረ ግን በመንገድ ላይ አይደነግጥም።

ደብተሩ ከተዘጋጀ በኋላም ሁሉን በአንድ ቀን መፍታት አይበጅም። ጀማሪ በመጀመሪያው እሑድ በጋለ ስሜት በሩን፣ መስተዋቱን፣ መሪውን፣ መብራቱን ሁሉ ይፈታና ቡሎንና ዳዶውን በአንድ ጣሳ ይደባልቃል። ከሦስት ወር በኋላ የትኛው የየት እንደ ሆነ አያውቅም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። የተሻለው መንገድ አንዱን ክፍል ፈትቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቡሎኖቹን በየከረጢቱ ስማቸውን ጽፎ አስቀምጦ፣ ጠግኖና መልሶ ገጥሞ ወደ ሌላው ማለፍ ነው። በየግቢው ከቆሙት መኪናዎች ብዙዎቹ ያላለቁት ሥራው ስለ ከበደ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ስለ ተበተነ ይመስለናል።

ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ፍሬኑ ይሠራ። መኪና መሄድ ከመቻሏ በፊት መቆም መቻል አለባት። ለዓመታት የቆመች መኪና የፍሬን ጐማ ቱቦዎቿ ይሰነጣጠቃሉ፣ ፒስተኖቹም በዝገት ይያዛሉ። በቀድሞዎቹ ቮልሶች የአራቱም እግር ፍሬን በአንድ መስመር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ይከዳሉ። እንዲሁም ያረጀ የቤንዚን ቱቦ ሁሉ ይለወጥ፤ በቮልስ ቤንዚን የሚንጠባጠበው በጋለ ሞተር ላይ ስለሆነ እሳት ያስነሣል። አዲስ ቀለም የተቀባች ግን ፍሬን የሌላት መኪና ለባለቤቷም ለመንገደኛውም አደጋ ናት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሞተሩ ተራ ይደርሳል። ሁሉም የቮልስ ሞተር ለሁሉም ቮልስ እንደማይሆን ማወቅ ይገባል። እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ድረስ የነበሩት አብዛኞቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት በ12 ቮልት ነው። በ6 ቮልቱ ሞተር ጫፍ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ከባድ መንኰራኵር 109 ጥርስ አለው፤ የ12 ቮልቱ ግን ተለቅ ያለና 130 ጥርስ ያለው ነው። ይህን ያላየ ሰው ሞተሩን ተሸክሞ ከመጣ በኋላ ወደ ካምቢዮው አልገባም ይለዋል፤ ወይም ሞተሪኖው አልገጥም ይለዋል። ስለዚህ ከግዢው በፊት ጥርሱ ይቈጠር።

ከዚያም የሞተሩ ጤና ይመርመር። ቀበቶው የሚዞርበትን መዘውር በሁለት እጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ ነው። ለዚህ እንቅስቃሴ የሚፈቀደው ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ግድም ብቻ ነው። በእጅ የሚታወቅና ቋ የሚል ከሆነ የውስጡ ብሮንዚን አልቋል፤ ዋጋውም እንደ አሮጌ ብረት ይታሰብ። እንዲሁም ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ላሜራዎች መሟላታቸው ይታይ። ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ትርፍ ቆርቆሮ ይጥላቸዋል። ነገር ግን ነፋሱን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመሩት፣ የጋለውም አየር ተመልሶ እንዳይገባ የሚከለክሉት እነርሱ ናቸው። ይህ ሞተር የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነውና ሙቀት በቶሎ ይጐዳዋል። አዲስ አበባም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው፤ ካርቡራተሩ ለዚሁ ከፍታ ካልተስተካከለ ቤንዚን ይፈጃል፣ ጥቁር ጢስም ይተፋል።

አንዳንድ ሰዎች «አብሯት የተፈጠረው ሞተር ከሌላት መኪናይቱ ዋጋ የላትም» ይሉ ይሆናል። ለሙዚየም የምትሰበሰብ ብትሆን አሳባቸው ይደገፍ ነበር። ለመንዳት የምትታደስ መኪና ግን ከሌላ ቮልስ የመጣ ሞተር አያሳፍራትም። የሚያሳፍረው ለውጡን መደበቅና የሞተሩን ቍጥር ፍቆ ሌላ መቅረጽ ነው፤ ይህ ማታለል ብቻ ሳይሆን ወንጀልም ነው። ሌሎች ደግሞ «በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚነዱ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከወሰነ በኋላ ለቤንዚን ሞተር መድከም ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። የቮልስዋገን ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 በኤሌክትሪክ የምትሄድ አሮጌ ቮልስ አሠርቶ አሳይቷል፤ ስለዚህ መንገዱ ዝግ አይደለም። ነገር ግን የባትሪው ክብደት በበሰበሰ ወለልና በደከመ ፍሬን ላይ አይጫንም። ኤሌክትሪክም ይሁን ቤንዚን መጀመሪያው አንድ ነው።

በመጨረሻም ከገንዘብ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። የዚህን ሞተር ድምፅ ሰምተው ሕመሙን የሚያውቁ፣ ያለ ኮምፒውተር በጆሮና በጣት የሚያስተካክሉ መካኒኮች ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ ግን እያረጁ ነው። ዕውቀታቸው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ከእነርሱ ጋር ጐንበስ ብሎ የሚሠራ ካልተገኘ አብሯቸው ይቀበራል። ወጣቱ መኪናውን ጋራዥ ጥሎ ቁልፉን ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ የሚያገኘው መኪና ብቻ ነው። ዘይት እየነካው፣ ቡሎን እያቀበለ፣ «አባባ ይህ ለምንድን ነው?» እያለ የሚጠይቅና የድካማቸውን ዋጋ በአግባቡ የሚከፍል ከሆነ ግን ሙያም ያገኛል። ለብቻው ቢከብደው ሁለት ሦስት ባልንጀሮች ይተባበሩ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

እንግዲህ ይህን ሥራ ያሰባችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ሞተር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት መቀመጫውን አንሡ፣ ምንጣፉን ግለጡ፣ ቍጥሩን አንብቡ፣ ደብተሩን ክፈቱ። ያለውን ያላወቀ ሰው የጐደለውን ሊሞላ አይችልም።