የጋራ ሕንፃን በነዋሪዎች ማስተዳደር፦ ጠቀሜታውና ቅድመ ሁኔታው

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ብልሽት የሚያስከትለው ጉዳት እንደየወለሉ ይለያያል። ጣሪያው ሲያፈስ ቀድሞ የሚቸገረው የላይኛው ወለል ነዋሪ ነው፤ የፍሳሽ መስመሩ ሲዘጋ ደግሞ በምድር ወለል የሚኖረው። እያንዳንዱ የራሱን በር ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሕንፃው ብዙ ባለቤቶች እያሉት ባለቤት አልባ ይሆናል።

የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያዎችን አስተዳደር ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ሰጥቷል። የዚህ አሠራር ቀዳሚ ጠቀሜታ ቅርበት ነው፤ የተሰነጠቀውን ቧንቧ በየዕለቱ የሚያይ ነዋሪ ጥገናው በዘገየ ቁጥር ወጪው በራሱ ላይ እንደሚከብድ ያውቃል። ሁለተኛው ቁጥጥር ነው፤ የጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዋጣ ሰው ሥራቸውን በቅርብ ይከታተላል።

ይሁን እንጂ ማኅበር ማቋቋም ብቻውን በቂ አይደለም። እድር ጸንቶ የቆየው ዛሬ ለጎረቤት የተዋጣው ነገ ለራስ እንደሚደርስ አባሉ ስለሚያምን ነው። በሕንፃም ይህ እምነት የሚገነባው ገቢና ወጪው በደረሰኝ ተደግፎ ለሁሉም በግልጽ ሲቀርብ ነው።

ከዚህ ባልተናነሰ ሊታሰብበት የሚገባው የተከራዩ ጉዳይ ነው። በአዋጁ መሠረት የማኅበሩ አባል ባለቤቱ ነው፤ በብዙ ቤቶች ግን ባለቤቱ ሌላ ቦታ ይኖራል፤ ደረጃውን የሚወጣውም ውሃ የሚጠፋበትም ተከራዩ ነው። ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖረው እንኳ፣ በስብሰባ ተገኝቶ ችግሩን እንዲያስረዳ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ሊፈቅድለት ይገባል። በሕንፃው ውስጥ የሚኖረው ሰው ካልተደመጠ፣ የቅርበት ጠቀሜታ የሚባለው በወረቀት ላይ ይቀራል።