ስለ ጎጃም ዜማና ስለ ህንድ ከበሮ

የህንድ ሙዚቃ ሲባል በከተማችን በአማኑኤል የሚኖር ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው በአማርኛ ተተርጕሞ በቴሌቪዥን የሚታየው ተከታታይ ድራማ ነው። ሙሽራዪቱ ታለቅሳለች፤ አማቲቱ ትቈጣለች፤ በመካከሉ ዘፈን ይገባል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች የህንድ ሙዚቃ እንባ ለማስፈሰስ ብቻ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። የራሳችን የአገር ዘፈን ደግሞ በሠርግና በበዓል ቀን ካልሆነ በቀር በተማሪዎች ዘንድ የሚፈለግ ነገር መሆኑ እየቀረ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምፈልገው ግን ሁለቱ ተገናኝተው የወለዱት መልካም ሙዚቃ መኖሩን፣ ይኸንንም ማዳመጥ ለትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ የሚጠቅም መሆኑን ነው።

ነገሩን ከቅርብ ልጀምር። ከአማኑኤል ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል እንጅባራ የደረሰ መንገደኛ ወደ ምዕራብ ቢታጠፍ ቻግኒ ይገባል። ብዙ ሰው ጂጂ እያለ የሚጠራት ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው የተወለደችው በዚያች ከተማ ነው። ወላጆቻችን ስሟን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል፤ ስለ ዐባይና ስለ ዐድዋ የዘፈነቻቸውን ዘፈኖች በቃላቸው የሚያዜሙ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ይህች የጎጃም ልጅ ከታላላቅ የህንድ የሙዚቃ ሊቃውንት ጋራ በአንድ መድረክ ላይ ቆማ መዝፈኗን የሚያውቅ ሰው በክፍላችን ውስጥ ብጠይቅ አላገኘሁም። እኔም ያወቅሁት በባሕር ዳር የሚማር ወንድሜ ዘፈኖቹን በፍላሽ ይዞልኝ ስለ መጣ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. የወጣ አንድ አልበም አለ። ታብላ ቢት ሳይንስ የተባለው ጓድ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ስተርን ግሮቭ በተባለ ሥፍራ በሕዝብ ፊት ሲጫወት የተቀዳ ነው። ታብላ የሚመቱት ዛኪር ሁሴን፣ ሳራንጊ የሚጫወቱት ኡስታድ ሱልጣን ካን ነበሩ። ሱልጣን ካን በ2011፣ ዛኪር ሁሴን በ2024 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በእነዚህ ሰዎች መካከል የእጅጋየሁ ድምፅ በአማርኛ ሲነሣ መስማት የሚያስደንቅ ነው። በዓመቱ፣ በ2003፣ አቢሲኒያ ኢንፊኒት በሚል ስም ጽዮን ሩትስ የተባለው አልበም ወጣ፤ በዚህም ላይ ካርሽ ካሌ የተባለው የህንድ ተወላጅ ታብላ መትቷል። የአልበሙ መጀመሪያ ዘፈን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ባቲ ባቲ ነው።

ታብላ ማለት ሁለት ትንንሽ ከበሮዎች ናቸው፤ የቀኙ ከእንጨት፣ የግራው ብዙ ጊዜ ከብረት ይሠራል፤ በቆዳቸው ላይም ጥቁር ክብ ልጥፍ አለ። ከበሮ መምታት የሚማር የህንድ ልጅ እያንዳንዱን ምት በአፉ እየጠራ በቃሉ ያጠናል። ይኸን ሳነብ ትዝ ያለኝ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ እርሱም ዜማውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ በቃሉ ይይዛልና። የዜማና የቅኔ አገር በሆነው በጎጃም ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የህንድና የአበሻ ዜማ እንዴት ይስማማል?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሱ ከሚጠብቁት ይልቅ ቀላል ነው። የአገራችን ዜማ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በሚባሉ ቅኝቶች የሚሄድ ሲሆን እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ አለው። ህንዶችም ራጋ የሚሉት የዜማ ሥርዓት አላቸው። ከራጋዎቹ ብዙዎቹ ከአምስት የሚበልጥ ድምፅ ቢኖራቸውም አምስት ብቻ ያላቸውም አሉ። ቡፓሊ የተባለው ራጋ አምስት ድምፆች ከትዝታ ሜጀር ድምፆች ጋራ አንድ ናቸው፤ ጉንካሊ የተባለው ደግሞ ከአምባሰል ጋራ ይገጥማል። የሚጠራጠር ቢኖር ወደ ሙዚቃ ክበብ ክፍል ሄዶ የኪቦርዱን ጥቁር ቁልፎች ብቻ እየነካ ይሞክር፤ ትዝታንም ቡፓሊንም በእነዚያው ቁልፎች ላይ ያገኛል። እርግጥ ነው፣ ድምፁ አንድ ስለ ሆነ ሙዚቃው አንድ ነው ማለት አይቻልም። ህንዳዊው ቡፓሊን ሲጫወት ከየትኛው ድምፅ ተነሥቶ በየትኛው እንደሚያርፍ የራሱ ሕግ አለው፤ የእኛ ትዝታ ደግሞ ያለ ግጥሙ ግማሽ ነው። ቢሆንም ጎረቤታሞች በአጥር ላይ ሆነው መነጋገር አያቅታቸውም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ሳራንጊ ነው። ሳራንጊ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ፣ ፊቱ በቆዳ ተለብጦ የሚሠራና በደጋን የሚመታ መሣሪያ ነው። ሦስት ዋና ዋና ጅማቶች አሉት፤ ከነዚያም ሥር በራሳቸው የሚያስተጋቡ ከሠላሳ የሚበልጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ተወጥረዋል። የእኛ ማሲንቆ ግን ያለው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ ነው። ቢሆንም ዓይኑን ጨፍኖ የሰማ ሰው ዘመዳሞች መሆናቸውን ያውቃል፤ ሁለቱም እንደ ሰው ያለቅሳሉ፤ ሁለቱም ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ።

የታሪካቸውም መመሳሰል የሚገርም ነው። በህንድ አገር ሳራንጊ ተጫዋች ለብዙ ዘመን የተናቀ ሰው ነበር፤ ዘፋኝ ሴቶችን የሚያጅብ ነው እየተባለ በጨዋ ቤት አይከበርም ነበር። በኋላም ሃርሞኒየም የተባለ በወናፍ የሚሠራ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ከአውሮፓ መጣና ቦታውን ይነጥቀው ጀመር፤ ለመማር ቀላል ነዋ! ነገር ግን ሃርሞኒየም ድምፁ በየቁልፉ የተቈረጠ ስለ ሆነ መንሸራተት አይችልም። ስለዚህም የህንድ መንግሥት ራዲዮ በ1940 ዓ.ም. ይህ መሣሪያ በጣቢያው እንዳይሰማ ከለከለ፤ ክልከላውም ሠላሳ ዓመት ያህል ቈየ። ሳራንጊን ከማጀቢያነት አውጥተው ለብቻው በመድረክ እንዲሰማ ያደረጉት ደግሞ ራም ናራያን የተባሉ ሰው ናቸው፤ በ1927 ተወልደው በ2024 ዓ.ም. ዐረፉ። ሳራንጊ ዛሬ የተከበረ መሣሪያ ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ እንመለስ። ባለፈው ዓመት በአንድ የትምህርት ቤት በዓል ላይ አንድ ተማሪ ማሲንቆ ይዞ ለመጫወት ተዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ሲመታ የሰማሁት ስለ ሆነ ብርቱ መሆኑን እመሰክራለሁ። ነገር ግን በልምምድ ጊዜ «አዝማሪ መጣ» ተብሎ ስለ ተሣቀበት መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በእርሱ ቦታ ኪቦርድ ቀረበ፤ ምቱን በቁልፍ ነክተው ለቀቁት፤ ከበሮ መቺም አላስፈለገም። ከቤተሰብ መካከልም «ልጄ ተምሮ ሰው ይሆናል ስል ማሲንቆ ይዞ በየጠጅ ቤቱ ሊዞር ነው ወይ?» የሚሉ ወላጅ አውቃለሁ። ፍርሃታቸው ይገባኛል፤ የአዝማሪ ኑሮ ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የልጅየው ማሲንቆ ከትምህርቱ አላስቀረውም፤ ያስቀረው የሰው ሣቅ ከመድረክ ነው።

አንዳንድ አዛውንት ደግሞ በሌላ በኩል ይቃወማሉ፤ «የአገር ዜማ ከባዕድ ጋራ ሲቀላቀል ጉራማይሌ ይሆናል» ይላሉ። እጅጋየሁ በ2001 ባወጣችው አልበም ላይ ጉራማይሌ የተባለ ዘፈን መኖሩን በዚህ አጋጣሚ ላስታውስ። ዛሬ ቃሉን ለነቀፋ እናውለዋለን እንጂ አያቶቻችን ድዳቸውን ጉራማይሌ የሚነቀሱት ለመዋብ ነበር። ንቅሳቱም የሚያምረው አንዱ መልክ ከሌላው ተለይቶ ስለሚታይ ነው። የሙዚቃውም ነገር እንደዚሁ ይመስለኛል። በጽዮን ሩትስ ላይ ዘፋኟ የጎጃም ልጅነቷን አልለቀቀችም፤ ታብላውም ህንዳዊነቱን አልደበቀም። በዘመናችን ከሚወጡት ዘፈኖች አንዳንዶቹ ግን ከመካከላቸው የህንድ ድምፅ ከየትም ቈርጠው ይለጥፋሉ፤ ድምፁ ለምን እንደ ገባ ዘፋኙም የሚያውቅ አይመስልም። ያን ሰው ቢነቅፈው እኔም አብሬ እነቅፋለሁ።

በስተርን ግሮቩ አልበም ላይም የማልወደው ነገር አለ። በኤሌክትሪክ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ግጥሙን ይውጠዋል፤ ጨዋታዎቹም ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ አዲስ ሰሚ በጽዮን ሩትስ ቢጀምር ይሻለዋል፤ በዚያ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቅኔ የሚወዱ መምህራን ደግሞ በ2006 የወጣውንና በእንግሊዝኛ ወርቅና ሰም ተብሎ የተሰየመውን አልበሟን ቢሰሙ ስሙ ብቻ ያስደስታቸዋል።

ለሙዚቃ ክበባችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ለዘንድሮው የትምህርት መዝጊያ በዓል ባቲ ባቲን በማሲንቆ፣ በዋሽንትና በከበሮ እናዘጋጅ። ዋሽንት የሚነፋ ሰው አይጠፋም፤ በእረኝነት ያደጉ ከገጠር የሚመጡ ጓደኞቻችን ከተማ ሲገቡ ይደብቁታል እንጂ ያውቁታል። ኪቦርዱንም አንጣለው። ህንዶች ታንፑራ የሚባል ዜማ የማይጫወት መሣሪያ አላቸው፤ ሥራው ከኋላ ሆኖ አንድ ድምፅ ሳያቋርጥ መያዝ ብቻ ነው። ኪቦርዱ ይኸን ሥራ ይሥራልን። አንድ ማሲንቆ ለክበቡ ቢገዛ ዋጋው ከኪቦርድ ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ዘፈኖቹን ለመስማት የሚፈልግ ሁሉ ፍላሹን ከእኔ ሊወስድ ይችላል። የሚቸግረን ያን ማሲንቆ መቺ ልጅ ማግባባት ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄው እንቢ ብሎኛልና ከመምህራን አንዱ ቢያነጋግሩልን መልካም ነው።