ለቱርቦ ፒክ አፖች መለኪያ ማስገጠም የቅንጦት ወጪ አይደለም

ነጋዴ ያለ ሚዛን ቡና አይገዛም፤ ያለ ሜትር አቡጀዲ አይቈርጥም። ይሁን እንጂ ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሰበትን ፒክ አፕ መኪና፣ የሞተሩን የውስጥ ሁኔታ ለማያውቅ፣ ለማወቅም መሣሪያ ላልተሰጠው ሹፌር አስረክቦ ወደ ጅማና ወደ መተማ፣ ወደ ጎዴና ወደ ሑመራ ሲያሰማራው ይታያል። በዚህ ጽሑፍ ለማሳሰብ የምፈልገው ይህ ልማድ ለባለ መኪናው ኪሳራ፣ ለሹፌሩም በደል እየሆነ መምጣቱን፣ መድኃኒቱም በኛው በአስመጪዎችና በባለ ሱቆች እጅ መሆኑን ነው።

ዛሬ በአገራችን መንገድ ላይ የሚታዩት አዳዲሶቹ የናፍጣ ፒክ አፖች፣ ቶዮታ ሃይሉክስም ሆነ ኢሱዙ ዲ-ማክስ፣ አብዛኞቹ ቱርቦ ያላቸው ናቸው። ቱርቦ ማለት ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጢስ አንዱን መዘውር እያሽከረከረ፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሁለተኛው መዘውር ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባበት መሣሪያ ነው። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር ይችላል፤ የሚንሳፈፈውም በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። እንግዲህ ይህን የመሰለ መሣሪያ የተሸከመ መኪና ለሹፌሩ የሚያሳየው ምንድን ነው? የፍጥነትና የሞተር ዙር መለኪያ፣ የናፍጣው መጠን፣ የውሃው ሙቀት፣ ከዚያም አንዲት ቀይ የዘይት መብራት። መብራቲቱ በአብዛኛው መኪና የምትበራው የዘይቱ ግፊት ግማሽ ባር እንኳ ወደማይሞላበት ደረጃ ሲወርድ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሩ በጭነት ላይ ከሆነ ብረት ለብረት መፋተግ ጀምሯል። የውሃው ሙቀት ቀስትም ቢሆን በብዙ ዘመናዊ መኪናዎች ሙቀቱ በመጠኑ ከፍና ዝቅ ቢል ከመካከል እንዳይነቃነቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቱርቦው ስንት እንደሚነፋ፣ ጢሱ ምን ያህል እንደጋለ የሚናገር ግን አንዳችም ነገር የለም።

ነገሩ ለኛ አገር ከሌላው ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በቁጥር 0.76 ባር አካባቢ ማለት ነው። ለሞተሩ 2 ባር የታመቀ አየር ለማድረስ ጅቡቲ ላይ ያለው ቱርቦ የተፈጥሮውን አየር 2 እጥፍ ቢያምቀው ይበቃዋል። አዲስ አበባ ላይ ግን ያንኑ 2 ባር ለማግኘት 2.6 እጥፍ ያህል ማመቅ ግዴታው ነው፤ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ስለዚህ የደጋ ቱርቦ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከቆላው ይልቅ ይሮጣል።

የቱርቦ ታሪክ ራሱ ከከፍታ ጋር የተያያዘ ነው። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ በአሳቡ ላይ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አወጣው። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲጨመርለት 356 ሰጠ። ሞስ ይህን ደፍሮ ለመናገር የቻለው ለክቶ ስለ ነበር ነው።

በበኩሌ ለአንድ የሥራ ፒክ አፕ ሦስት ጌጅ ይበቃል እላለሁ። አንደኛው ቱርቦው የሚነፋውን አየር፣ ሁለተኛው የጢሱን ሙቀት፣ ሦስተኛው የዘይቱን ግፊት የሚለካ ነው። ከዚህ በላይ የሚደረደረው ሁሉ ለዓይን ነው።

የአየሩ ጌጅ ዋና ጥቅም ስንት ባር ማሳየቱ ሳይሆን የትናንቱንና የዛሬውን ማስተያየቱ ነው። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ልክ ስላለው መኪናው ጤነኛ በሆነበት ቀን፣ በታወቀ ዳገት ላይ፣ ለምሳሌ ከዐባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ፣ በምን ማርሽና በምን ጭነት ስንት እንዳሳየ በመኪናው ደብተር ላይ መጻፍ ይገባል። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ዳገት ላይ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ወይ የጎማ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ወይ ማሰሪያው ላልቷል፣ ወይ የአየሩ ፊልትሮ በአቧራ ታፍኗል፣ ወይም ቱርቦው ራሱ ደክሟል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በጥቂት ገንዘብ የሚድኑ ናቸው። ጌጅ በሌለበት ግን ሹፌሩ የሚሰማው የጉልበት ማነስ ብቻ ስለሆነ ነዳጁን አጥብቆ ይረግጣል፤ መኪናው ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ናፍጣው ያልቃል። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ የቆየ ስለሆነ ይህ ጢስ የማን ገንዘብ እንደሆነ ለነጋዴ ማስረዳት አያሻም።

የሙቀቱ ጌጅ ደግሞ የሚጠብቀው ፒስተኑን ነው። አሉሚኒየም 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ፒስተኑ ከዚህ በላይ በጋለ እሳት ሥር የሚኖረው ዘይቱና ውሃው ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ ስለሚወስዱለት ነው። ጭነት የበዛበት መኪና በረጅም ዳገት ላይ ሲያጣጥር፣ ከቱርቦው በፊት የሚለካው የጢስ ሙቀት ወደ 700 ዲግሪ ተጠግቶ እዚያው ከቆየ፣ እግርን ከነዳጅ ማላላት ወይም ማርሽ መቀነስ እንደሚገባ ጥንቁቅ መካኒኮች ይመክራሉ። ሴንሰሩ ከቱርቦው በኋላ ከተገጠመ በጭነት ጊዜ ንባቡ ከ100 ዲግሪ በላይ ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የት እንደተገጠመ ሳይጠይቁ በቁጥሩ መጽናናት አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ቱርቦ በተቃጠለ ቍጥር በየመደብሩ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «ሹፌሩ አቃጠለው» ይባላል። ባለ መኪናው አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ መኪናው ነቀምቴ ቆሞ፣ መካኒኩ የተሰበረውን ብረት በእጁ ይዞ፣ ፍርዱ በስልክ ይሰጣል። የሹፌሩ ደመወዝ በየወሩ ይቈረጣል፤ ከሥራ የተሰናበተም አለ። ምናልባት ሹፌሩ በእውነት አጥፍቶ ይሆናል፤ ሞተሩን እንደ ጋለ አጥፍቶት ይሆናል፤ ከልክ በላይ ጭኖ ይሆናል። ነገር ግን ዘይቱ በጊዜው ያልተቀየረው ባለቤቱ ገንዘብ ስላልሰጠ፣ ፊልትሮውም «እስከሚቀጥለው ወር ይቆይ» ስለ ተባለ ቢሆንስ? ማስረጃ በሌለበት ቦታ ጥፋቱ ሁልጊዜ ደካማው ላይ ያርፋል። ከፍተኛውን ንባብ በማስታወሻው የሚይዝ ጌጅና በየጊዜው የሚጻፍ ደብተር ቢኖሩ ግን ሹፌሩ «ባለፈው ሳምንት ግፊቱ እንደቀነሰ አመልክቼ ነበር» ለማለት ይችላል፤ ባለቤቱም ያጠፋውን ሹፌር በቁጥር ይጠይቀዋል። በእጄ ከሚያልፉት የጋራዥ ደረሰኞች እንደማየው ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከጥገናው ዋጋ ይልቅ የሚጎዳው በባለቤቱና በሠራተኛው መካከል ያለውን መተማመን ነው።

የተቃዋሚዎችን አሳብ ሳልጠቅስ አላልፍም። አንዳንዶች «ዘመናዊ መኪና ኮምፒዩተር አለው፤ እርሱ ያውቃል» ይላሉ። ያውቃል፤ ነገር ግን ለሹፌሩ የሚነግረው ዘግይቶ ነው። ጉድለቱ ከወሰኑ ሲያልፍ የሞተሩን መብራት ያበራል፣ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ መኪናውም በአዋሽ በረሃ መካከል እየተንፏቀቀ ይቀራል። ሌሎች ደግሞ ሹፌሩ ቀስት ሲያይ መንገዱን ይዘነጋል ብለው ይሠጋሉ። ይህ ሥጋት እውነትነት ስላለው ነው ከሦስት አይብለጥ ያልሁት። በከተማ ውስጥ ጌጅ ደርድረው የሞተሩን ኮምፒዩተር በማስለወጥ ቱርቦውን ከልኩ በላይ የሚያስነፉ ወጣቶችን በተመለከተ ግን ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው፤ እኔ የምናገረው ለሥራ መኪና ነው።

ጊዜውም ይህን ያስገድዳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን አስታውቋል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በብዙ ወርዷል፤ ከውጭ የሚመጣው ቱርቦም በዚያው መጠን ከብዷል። ስለዚህ ያለውን ሞተር ማቆየት የቁጠኛነት ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ለአስመጪዎችና ለሶማሌ ተራ ባለ ሱቆች ደግሞ ጥቂት ጠንከር ያለ ቃል አለኝ፤ በገበያው ላይ ያለው ዕቃ ብዙው ጌጥ ነውና። እኔ በምሠራበት መደብር ከውጭ ታዘው የመጡ የዘይት ጌጆች ሴንሰር ሳይኖራቸው ደረሱ። ላኪው ለብቻው የላካቸው ሴንሰሮች በኋላ ሲመጡ አንዱ በደንበኛ መኪና ላይ ተገጠመ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቀስቱ እስከ ጫፍ ወጣ፤ ሞተሩ ሲነሣ ወደ ታች ወረደ። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሳቁ። ምክንያቱ ግን የሚያስቅ አይደለም። በአውሮፓ የተለመደው ሴንሰር ግፊት ሲጨምር ከ10 ወደ 180 ኦም ከፍ ይላል፤ በአሜሪካ የተለመደው ደግሞ ከ240 ወደ 33 ኦም ዝቅ ይላል። ሁለቱን ያጋባ ሰው ዘይት ባለቀበት ሰዓት «ደኅና ነው» የሚል ጌጅ ሸጦአል ማለት ነው። ስለዚህ ጌጅና ሴንሰር ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ሣጥን ሆነው ይታዘዙ።

ጥርሱም እንዲሁ ነው። የአሜሪካን ጌጆች ይዘው የሚመጡት መግጠሚያ በአንድ ኢንች 27 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ ጃፓኖች በብዛት በሞተራቸው ላይ የሚጠቀሙበት በተመሳሳይ ስፋት 28 ጥርስ ያለው ነው። ሁለት ዙር ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ ሠራተኛው በቁልፍ ሲያስገድደው ይሰነጠቃል። ትንሿ መሸጋገሪያ ናስ አብራ ብትታዘዝ ይህ ሁሉ አይደርስም። የኤሌክትሪኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ፒክ አፕ 12 ቮልት ነው፤ የጭነት መኪና ብዙውን ጊዜ 24 ነው፤ ሣጥኑ ላይ ይጻፍ። ለቤንዚን መኪና የተሠራ የአየር ጌጅ ደግሞ ግማሹ ከዜሮ በታች ያለውን ለማሳየት የተመደበ ስለሆነ፣ ለናፍጣ መኪና ከ0 እስከ 2 ባር የሚያሳየው ይሻላል። ባር፣ ፒ ኤስ አይና ኪሎ ፓስካል ተቀላቅለው መሸጣቸውም ገዢውን ያወናብዳል፤ 1 ባር 100 ኪሎ ፓስካል፣ ወይም 14.5 ፒ ኤስ አይ ነው።

ከመሪው ሥር ባለው የኮምፒዩተር ሶኬት ላይ የሚሰካው ዓይነት ርካሽና ቀላል ነው፤ የፋብሪካ ዋስትናው ላላለቀ መኪናም ምንም ነገር ስለማያስቈርጥ ይመረጣል። ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚያነቡት ከተፈጥሮው አየር ጋር ተደምሮ ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አዲስ አበባ ላይ 76፣ ጅቡቲ ላይ 101 ኪሎ ፓስካል ሲያሳይ ያየ ደንበኛ «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ባለ ሱቁ ይህን አስቀድሞ ካላወቀ ደኅናውን ዕቃ ይቀበላል።

በመግጠም በኩል ሁለት ነገር እለምናለሁ። የጋለ ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ ሹፌሩ ክፍል የሚያስገባ ጌጅ ለሥራ መኪና አይሸጥ፤ ቱቦው የተበጠሰ ዕለት ዘይቱ የሚፈስሰው በሰው እግር ላይ ነው። ከመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ መትከልም የተለመደ ቢሆንም፣ በአዳዲሶቹ መኪናዎች በዚያ ምሰሶ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ከረጢት ስለሚኖር ሳይጠይቁ መብሳት አይገባም።

ምክር ቤታችን ጌጅ የሚያስመጡትን አባሎች ሰብስቦ በየሣጥኑ ላይ ቮልቱ፣ ኦሙ፣ ጥርሱና መለኪያው በአማርኛ እንዲጻፍ ቢያስማማ፣ አንዲት ገጽ የአገጣጠም መግለጫም ቢያሳትም ከፍ ያለ አገልግሎት ይሆናል። በመግለጫው ውስጥ ሱቅ ላይ የሚደረግ ፈተና ይግባበት። የአየሩ ጌጅ ከጎማ መንፊያ ጋር ተያይዞ 1 ባር ላይ ይስተያይ፤ ዲጂታሉ የሙቀት ጌጅ በሚፈላ ውሃ ይፈተን። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ መሆኑም በጉልህ ይጻፍ፤ 100 ካላሳየኝ አልወስድም የሚል ደንበኛ አይጠፋምና።