83ኛ የወጣው ሮቤል

ሮቤል ተክለማርያም ማን ነው ብላችሁ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገበያ ውስጥ ብትጠይቁ የሚመልስላችሁ ሰው ማግኘታችሁን እጠራጠራለሁ። አበበ ቢቂላን ግን ሕፃን ሽማግሌው ያውቀዋል። ሁለቱም በኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ስም ያስጠሩ ናቸው፤ እኛ ግን የምናስታውሰው ሜዳሊያ ያመጣውን ብቻ ነው። ይህ ልማዳችን ቅር ያሰኘኛል።

ሮቤል እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ አካባቢ ተማረ። ሌክ ፕላሲድ በ1932 እና በ1980 የክረምት ኦሊምፒክን ያስተናገደች ከተማ ናት፤ የበረዶ ሸርተቴ የተማረውም እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሜሪካ ልሰለፍ ሳይል፣ ማንም ሳይልከው፣ የኢትዮጵያን የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ለማቋቋም ተነሣ። በ2006 በቶሪኖው የክረምት ኦሊምፒክ ባንዲራችንን ይዞ ሲገባ ከኋላው የተሰለፈ ሌላ ኢትዮጵያዊ አትሌት አልነበረም። በ15 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ 83ኛ ወጣ፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ።

83ኛ ሲባል የሚስቅ ሰው አለ። እሱ የኬንያዊውን የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ የፊሊፕ ቦይትን ታሪክ ይስማ። ቦይት በ1998 ናጋኖ ላይ 92ኛና የመጨረሻ ሆኖ ሲገባ፣ ውድድሩን ያሸነፈው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው። የበረዶን ድካም ጠንቅቆ የሚያውቀው ታላቁ አሸናፊ እንዲህ ካከበረ፣ እኛ የራሳችንን ልጅ የምንንቅበት ምክንያት አይታየኝም።

እኛም በዚህ ስፖርት መወዳደር እንችላለን፤ የሸርተቴ ውድድር ሁሉ አንድ አይደለምና። አንደኛው ከተራራ ቁልቁል መክነፍ ነው፤ በፈጣኑ ዓይነት በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረዳል፣ አንደኛና ሁለተኛ የሚለዩት በሴኮንድ መቶኛ ነው። ለዚህ ብዙዎቹ ገና በሕፃንነታቸው ይጀምራሉ፤ ተራራው ላይ የሚያወጣ የገመድ ማንሻ ያስፈልጋል፣ ገንዘቡም ከባድ ነው። ለኤርትራ የተሰለፈው ሻነን አበዳ በ2018 ፒዮንግቻንግ 61ኛ፣ በ2022 ቤጂንግ 39ኛ የወጣው በዚህ ዓይነቱ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን በረዶ በሞላባት ካናዳ ነው። የሮቤል ውድድር ሌላ ነው። ዳገቱን በራስ ጉልበት ይወጡታል፣ ሜዳውን በክንድና በእግር ይገፉታል፤ ከሁሉ በላይ የሚፈተነው ሳንባ ነው። ሳንባ ደግሞ በጉና ተራራ አካባቢ የሚያድገውን የጋይንትና የስማዳ ልጅ አያንሰውም፤ ደብተሩን ይዞ በየቀኑ ዳገት ሲወጣ ያደገ ነውና።

ጉና ላይ የሸርተቴ ሜዳ ይሠራ ማለቴ አይደለም። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ቢኖረውም፣ ውርጩ ገብስ ቢያቃጥልም፣ የሚወርደው በረዶ ተኝቶ አይሰነብትም። ርብና ጉማራ የሚመነጩበትን ተራራ ለጨዋታ መቆፈርም ነውር ነው። ነገር ግን የኖርዌይ ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ በበጋቸው የሚሠለጥኑት አስፋልት ላይ፣ ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ ነው። ሮለር ስኪ ይሉታል። ሮቤልም አገሩ ሲመጣ የሚለማመደው በዚሁ ነበር። ከወረታ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚዘልቀው አስፋልት የጉናን ወገብ ታክኮ ይወጣል፤ ለዚህ ልምምድ ከእሱ የተሻለ ዳገት ከየት ይመጣል?

ከቫንኩቨር በኋላ በሶቺ፣ በፒዮንግቻንግ፣ በቤጂንግ የኢትዮጵያ ባንዲራ አልታየም። አንድ ሰው በገዛ ወዙ የጀመረውን ሥራ እዚያው አንድ ሰው ጫንቃ ላይ ጥለን ዞር አልን። በረዶ የለንም የሚለው ሰበብ አይዋጥልኝም፤ ያጣነው ተተኪ ነው። ተተኪ ደግሞ ይፈለጋል እንጂ ዝም ብሎ አይመጣም። መነሻው ብዙ ወጪ የለበትም፦ ጥቂት ጥንድ ሮለር ስኪ፣ የራስ መከላከያ ቆብ፣ መኪና ሳይበዛ በማለዳ መንገዱን የሚጠብቅ ትራፊክ ፖሊስ። ሮቤልን ጠርቶ የሚያማክር የስፖርት ቢሮ ይገኝ እንጂ፣ ልጆቹን መምረጥ ለእስቴና ለጋይንት የስፖርት መምህራን ከአንድ ሳምንት ሥራ አያልፍም።