ውሃ ማፍሰስ ሕክምና አይደለም

እ.ኤ.አ በ2022 በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ኢራን እንግሊዝን ስትገጥም በረኛዋ አሊሬዛ ቤይራንቫንድ ከራሱ ተከላካይ ጋር ተላተመ። አፍንጫው ደማ፣ ወጌሻዎች ተሯሯጡ፣ ተነስቶም ጨዋታውን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ግን እንደገና ተዘረረና በቃሬዛ ወጣ። ደጋፊው የሚያስታውሰው የእንግሊዝን 6ለ2 ድል ነው። የአንጎል ሐኪሞችን ያናደደው ግን መጀመሪያውኑ እንዲቀጥል መፈቀዱ ነበር።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የዌስትብሮሙ አጥቂ ጄፍ አስትል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት፣ አንጎሉን የጎዳው ኳስን ደጋግሞ በቴስታ መምታቱ እንደሆነ በይፋ ተወስኖ ነበር። ማን ሰማ! በ2019 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዊሊ ስቱዋርትና ባልደረቦቹ 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን መዝገብ አገላበጡ። ተጫዋቾቹ እንደ መርሳት በሽታ ባሉ የአንጎል ሕመሞች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው በሦስት ተኩል እጥፍ ይበልጣል። በ2021 በወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ በረኞች ከተራው ሰው አልተለዩም፤ ተከላካዮች ግን ወደ 5 እጥፍ ተጠጉ። ቴስታ የሚበዛው ማን ጋ እንደሆነ ለኳስ ተመልካች አይነገርም።

መድኃኒትስ? በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ አልዛይመርን በጅምሩ በመጠኑ ያዘገያል እንጂ አያድንም። ጭንቅላት ደጋግሞ በመመታቱ ለሚመጣው በሽታ ደግሞ እስካሁን ምንም የለም። ስለዚህ ነገሩ ወደ ሜዳው ይመለሳል። እንግሊዝና ስኮትላንድ በ2020 ሕፃናት በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይመቱ መመሪያ አወጡ። የጨዋታውን ሕግ የሚያወጣው አይፋብም ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች ጭንቅላቱን ለተመታ ተጫዋች ከመደበኛው ቅያሪ ውጪ ተጨማሪ እንዲፈቅዱ በሕጉ አስገብቷል።

ይህ ሁሉ ሐኪም ለተሰለፈበት ስታዲየም ነው። በአዊ ዞን ጥርባን በመሰሉ አካባቢዎች ሁለት ልጆች በቴስታ ሲላተሙ ግን ያለው ሕክምና አንድ ሃይላንድ ውሃ ነው። አናቱ ላይ ይፈስበታል፣ «አይዞህ፣ ተነስ!» ይባላል፣ ሲነሳም ይጨበጨብለታል። ያላገገመ አንጎል ሁለተኛ ሲመታ፣ በተለይ በልጅነት፣ አልፎ አልፎ አብጦ ሊገድል እንደሚችል የሚነግረው የለም።

ተጨማሪ ቅያሪ ለመፍቀድ ደግሞ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሁለት አሰልጣኞችና አንድ ዳኛ ከጨዋታው በፊት ከተስማሙ ይበቃል። የሚንገዳገድ፣ ዓይኑ የፈዘዘ፣ «ስንት ለስንት ነን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ የዚያን ቀን ተመልሶ አይገባም። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሳይታደር ወደ እንጅባራ ወይም ዳንግላ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ቡድኑ በ10 ሰው ቢጨርስም።