የወሰደ ይስጥ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለውን ተረት ያልሰማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። አባቶቻችን ይህን ሲናገሩ ስለ ኮምፒዩተር አላሰቡም። ነገር ግን ከ20 ዓመት በላይ ዓለምን ሲያነጋግር የኖረውና ዛሬ እየተረሳ የሄደው ቶረንት የሚባለው የፋይል መካፈያ ዘዴ የቆመው በዚሁ ተረት ላይ ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በዚች አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምፈልገው አሳብ፥ ዘዴው ቢዳከምም ልማዱ ከትምህርት ቤታችን መጥፋት የለበትም የሚል ነው።

አስቀድሜ ነገሩን ለማያውቁት ወላጆቻችን ላስረዳ። አንድን ፋይል በኢንተርኔት ለማግኘት የሚፈልግ ሁሉ ፋይሉ ወደ ተቀመጠበት ወደ አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ይሄድ ነበር። ፈላጊው ሲበዛ ያ ኮምፒዩተር፥ የመንደሩ እንስራ ሁሉ እንደ ተደረደረበት አንድ ምንጭ ይጨናነቃል። ብራም ኮኸን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ቢትቶረንትን ሲያወጣ ይህን ሥርዓት ገለበጠው። ፋይሉ በብዙ ቁራሽ ይከፈላል፤ አንዱ ይህን ቁራሽ፥ ሌላው ያንን ይወስዳል፤ ወዲያውም እርስ በርሳቸው ይለዋወጣሉ። ለሚሰጥ ሰው ይፈጥንለታል፤ እየወሰደ ለማይሰጥ ግን የሌሎቹ እጅ ያጥርበታል። ሙሉውን ይዞ ማካፈሉን የሚቀጥለውን ሰው «ዘሪ»፥ ወስዶ የሚሸሸውን «አልቅት» የሚል ስም አወጡላቸው። ዘሪ የጠፋበት ፋይል ይሞታል። የጀልዱ ወይም የቶኬ ኩታዬ ገበሬ ይህን ቢሰማ «ይኸማ ዳዶ ነው» ባለ ነበር፤ በአማርኛ ወንፈል የምንለው ማለት ነው። ዛሬ የአንተን እናጭዳለን፥ ነገ የኔን እናጭዳለን፤ ቀርቶ የሚበላ የለም።

ታዲያ ስለምን ተዳከመ? አንደኛው ምክንያት ሕግ ነው። በቶረንት የሚተላለፈው አብዛኛው ፊልምና ዘፈን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሚወሰድ ስለ ነበረ ክስ በዛ። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ፓይሬት ቤይ መሪዎቹ በ2009 የእስራት ፍርድ ተፈረደባቸው፤ ኪክአስ ቶረንትስ በ2016፥ ራርቢጂ በ2023 ተዘጉ። ሁለተኛው ምክንያት ምቾት ነው። ኔትፍሊክስና ስፖቲፋይ በወር ጥቂት ገንዘብ ለሚከፍላቸው ሁሉን ስላቀረቡለት፥ ባለ ገንዘቡ ሰው ማውረድንም ማስቀመጥንም ተወ። ሦስተኛው ስልክ ነው። ሰው ኮምፒዩተሩን ትቶ ስልክ ሲይዝ፥ ሌሊቱን ሙሉ እያበሩ ለማያውቁት ሰው ማካፈል ባትሪና ዳታ የሚጨርስ ሥራ ሆነ። ስለዚህ ዘሪው እያነሰ ሄደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ እውነቱን ለመናገር ቶረንት በከተሞቻችን ሥር አልሰደደም። ኢንተርኔቱ ዝግ ያለ፥ ዋጋውም ውድ ነበርና አንድ ፊልም ለማውረድ ቀን ተሌት መጠበቅ ግድ ነበር። እኛ ፋይል የምንካፈለው በእጅ ነበር። በወላጆቻችን ዘመን ካሴት በካሴት ይገለበጥ ነበር፤ ከዚያ ሲዲ፥ ፍላሽና ሚሞሪ መጡ። ታላቅ ወንድሜም በአምቦ ከተማ ሚሞሪ በሚሞላ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው ስልኩን ሰጥቶ ዘፈን ያስጭናል፤ ማታ መንደሩ ሲገባ ያንኑ ለጎረቤቱ በብሉቱዝ ይሰጣል። ቀጥሎ ዜንደርና ሼርኢት ሲመጡ ሁለት ስልኮች ያለ ኢንተርኔት፥ በራሳቸው ዋይፋይ ተገናኝተው ትልቁን ፋይል በደቂቃ ይለዋወጡ ጀመር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ዘፈን ጊንጪን፥ አምቦን፥ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ባኮ የሚደርሰው ለዳታ አንድ ሳንቲም ሳይወጣበት ነበር።

የዚህም ልማድ ጥቅም በጉልህ የታየበት ጊዜ አለ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦ ልጅ የሆነው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። ያን ጊዜ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። ሆኖም ዘፈኖቹን የሰማሁት በዚያው ሰሞን፥ ከጎረቤት ልጅ ስልክ ወደ ወንድሜ ስልክ በተላለፈው ፋይል ነው። መረቡ ቢቆረጥም በሰው ኪስ ያለው አልተቆረጠም።

ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። የኢንተርኔት ዋጋ በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከቀነሰ ወዲህ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፥ ሁላችንም ወደ ቴሌግራም ገብተናል። እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ መጽሐፉም፥ የፈተና ወረቀቱም፥ ፊልሙም እዚያው ነው። ምቾቱን አልክድም። ነገር ግን ይህ ዳዶ ሳይሆን ድግስ ነው። አንድ ሰው ይደግሳል፥ ሺህ ሰው ይበላል፤ ደጋሹ የሄደ ቀን ሁሉም ጾሙን ያድራል። ይህ በእኛው ላይ ደርሷል። የትምህርት ጽሑፎቻችን ሁሉ የተከማቹበትን ቻናል የያዘው ሰው፥ የሞዴል ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው ቻናሉን አጠፋው። ከ60 ተማሪ መካከል ጽሑፎቹን በስልኩ ያስቀመጡት 3 ብቻ ሆነው ተገኙ። ሌሎቻችን «እዚያ አለ» ብለን ተማምነን ነበርና።

እዚህ ላይ አንባቢ «አንተ ልጅ፥ ስርቆትን ታስተምረናለህን?» ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ወንድሜ በዚያ ሱቅ የሚሞላው ዘፈን ለዘፋኙ አምስት ሳንቲም አላስገኘለትም። የቅጂ መብትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ አዋጁን በየሱቁ ያስታወሰው ግን ጥቂት ሰው ነው። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. የጀመሩት ባለሙያው የላቡን ዋጋ እንዲያገኝ ነበር። ኤልያስም በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፈ። ሰው የደከመበትን ያለ ዋጋ እየወሰዱ «መካፈል» ብሎ መጥራት በወንፈል ስም የሰው ማሳ ማጨድ ነው። እንዲሁም በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጭቶ ፈተናው ሲሰረዝ፥ በሚቀጥለውም ዓመት ለፈተናው ሲባል ኢንተርኔት ሲዘጋ፥ የማይካፈሉትን መካፈል ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ጥፋቱ የጥቂቶች፥ ዕዳው የሁሉ ሆነ።

ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። የራስ ያልሆነውን አለመስጠት አንድ ነገር ነው፤ ሊሰጥ የሚገባውን መንፈግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ተማሪ እንዲያነባቸው በፒዲኤፍ የተለቀቁ ናቸው። እኛ ራሳችን የጻፍነው ማስታወሻም የራሳችን ነው። እነዚህን መንፈግ ምን ይባላል?

ይህን የምለው በሌላ ለመፍረድ አይደለም፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ባለፈው ዓመት ከገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በግቢ ውስጥ አገኘችኝና «ወንድሜ፥ የባዮሎጂ መጽሐፍ በስልክህ አለ?» አለችኝ። ነበረኝ። እኔ ግን ወደ ኳስ ሜዳ እየተቻኮልሁ ስለ ነበር «ቴሌግራም ላይ ፈልጊው» ብያት አለፍሁ። «ዳታ የለኝም» ስትል ድምፅዋን ከኋላዬ ሰማሁት፤ አልተመለስሁም። ከሳምንት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ከተዋሰችው መጽሐፍ ላይ ምዕራፉን በእጅዋ ስትገለብጥ አየኋት። ሥዕሉን ሳይቀር በእርሳስ ትስለው ነበር። በዜንደር ቢሆን አንድ ደቂቃ እንኳ የማይፈጅ ሥራ ነው። ያን ቀን ሄጄ ሰጠኋት፤ ግን አንድ ሳምንት ዘግይቼ ነበር። በቶረንት ቋንቋ አልቅቱ እኔ ነበርሁ።

በበኩሌ የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በየክፍሉ ሁለት ተማሪዎች ይመረጡ፤ የተፈቀዱትን መጻሕፍትና የመምህራኖቻችንን ጽሑፎች በፍላሽና በሚሞሪ ይያዙ፤ አንዱ ቅጂ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። የሚወስድ ሁሉ ከበታቹ ላሉት ለሁለት ተማሪዎች ማካፈል ግዴታው ይሁን። ከ12ኛ ክፍል የሚሰናበት ተማሪም የያዘውን ለ11ኛ ክፍል ሳያስረክብ ግቢውን አይልቀቅ። ለዚህ ገንዘብም ኢንተርኔትም አያስፈልግም፤ የመምህራን ፈቃድና የእኛ ፈቃደኝነት ይበቃል። ወላጆቻችንም ለልጆቻቸው ስልክ ሲገዙ «ለጓደኛህ አካፍል» ብለው ቢመክሯቸው መልካም ነው።

ቶረንት ቢሞት አላዝንም። ሌላ ዘዴ መጥቷል፤ ነገም ሌላ ይመጣል። የማዝነው የወሰደ ይስጥ የሚለው ሕግ አብሮ ከሞተ ነው። እኔ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት እሰናበታለሁ። ሚሞሪዬን ግን ለቤተ መጻሕፍቱ ትቼ እሄዳለሁ፤ የባዮሎጂውም መጽሐፍ በውስጡ አለ።