ትንሺቱ ዕጢና የሕፃናት ማዕድ

ከደረት አጥንት በስተኋላ፥ ከልብ ከፍ ብሎ፥ ታይመስ የምትባል ለስላሳ ዕጢ አለች። በሕፃንነት ትልቅ ናት፤ ከጕርምስና በኋላ ግን እየመነመነች በስብ ትተካለች። ስለዚህ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን እንደ ትርፍ ሥጋ ይቈጥሯት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 ዣክ ሚለር የተባለ ሊቅ በለንደን ከተማ ዕጢዋን ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ቢያወጣ፥ አይጦቹ በሽታን መቋቋም ተሳናቸው፤ የሌላ አይጥ ቈዳ ቢለጠፍባቸውም ሰውነታቸው ባዕድነቱን ዐውቆ አልጣለውም። ጥቅሟ የተገለጠው ያን ጊዜ ነው።

ሥራዋን በትምህርት ቤት ልንመስለው እንችላለን። በአጥንት መቅን ውስጥ የተፈጠሩ ነጭ የደም ሕዋሳት ወደ እርሷ ገብተው የገዛ ሰውነታቸውን ከባዕድ መለየትን ይማራሉ። ወገኑን የሚወጋ ወታደር ከጠላት ይልቅ የከፋ ነውና፥ ፈተናው ብርቱ ነው፤ ከገቡት አብዛኞቹ ወድቀው ይቀራሉ።

በ1966 አለን ጎልድስታይንና አብርሃም ኋይት በኒው ዮርክ ከጥጃ ታይመስ ያወጡትን ንጥረ ነገር «ታይሞሲን» ብለው ሰየሙት። ቈይቶም ይህ አንድ ሳይሆን የብዙ ነገሮች ድብልቅ መሆኑ ታወቀ። ከእነዚህ አንዱ ታይሞሲን አልፋ 1 የመከላከያ ሕዋሳትን ያነቃቃል፤ በአንዳንድ አገሮችም ሄፓታይተስ ቢ ለተባለው የጉበት በሽታ መድኃኒት እንዲሆን ተፈቅዷል። ታይሞሲን ቤታ 4 ግን ስሙ ከታይመስ ይውጣ እንጂ በአብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ይገኛል፤ አክቲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር እየተያያዘ ሕዋሳት ወደ ቍስሉ እንዲንቀሳቀሱ ይረዳል። በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ የቍስልን መዳን አፋጥኗል፤ በሰው ላይ ግን ማስረጃው ገና ጥቂት ነው። እንግዲህ «ቍስል ያደርቃል፥ ጕልበት ይመልሳል» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጥ መርፌ መራቅ ብልኅነት ነው።

ለቤተሰብ የሚበጀው ነገር ከዚህ ይልቅ ቅርብ ነው። ምግብ ያነሰው ሕፃን ታይመሱ ፈጥና ትመነምናለች፤ ያን ጊዜ ኩፍኝና የሳንባ ምች ይበረቱበታል። ደግነቱ፥ በሚገባ ሲመገብ ዕጢዋ መልሳ ታድጋለች። ጡት የሚጠቡ ሕፃናት ታይመስም በጣሳ ወተት ከሚያድጉት ይልቅ ትልቅ ሆና በዴንማርክ ተመዝግባለች።

ስለዚህ እናት እስከ 6 ወር ጡቷን ብቻ ታጥባ፤ ከዚያም ከጡቱ ጋር ገንፎው በወተት፥ በእንቍላልና በጥራጥሬ ይዳብር። ከ7 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጾም አልታዘዘምና፥ በጾም ወራት የእናት ድስት ቢጾምም የሕፃኑ ማሰሮ አይጹም። ክትባቱም በቀጠሮው ቀን ይሰጠው፤ የተማሩት ሕዋሳት ጠላታቸውን አስቀድመው የሚያውቁት በእርሱ ነውና።